ጠርሙስ ደን ያቃጥላል? ብርሃን በብርጭቆ ውስጥ ሲታጠፍ የሚሆነውና የማይሆነው

በጋው ገፍቶ በእንጦጦ፣ በየካና በወጨጫ ተዳፋቶች ላይ የባሕር ዛፉ ቅጠል ከእግር ሥር መንኮሻኮሽ ሲጀምር፣ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ኮረብቶች በአንዱ ላይ ጢስ በታየ ቁጥር አንድ ማብራሪያ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፦ “የተጣለ ጠርሙስ ፀሐይ ሰብስቦ ነው።” ሌላው ወገን ደግሞ ይህን እንደ ማመካኛ ይቆጥረዋል፤ ጠርሙስ በታሪኩ እሳት ለኩሶ አያውቅም፣ የለኮሰው ሰው ነው ይላል።

ሁለቱም ወገኖች የእውነት ቁራጭ ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ከያዙት በላይ ይናገራሉ። ጉዳዩ በግምት የሚፈታ አይደለም። ብርሃን ወደ ብርጭቆ ሲገባ የሚከተለው ሕግ ከታወቀ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ስለሆነው፣ የትኛው ጠርሙስ፣ በየትኛው ሰዓት፣ ከቅጠሉ በምን ያህል ርቀት ላይ ሲሆን አደገኛ እንደሚሆን አስልቶ መናገር ይቻላል።

ብርሃን ለምን ይታጠፋል?

ብርሃን በባዶ ሕዋ ውስጥ በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በአየር ውስጥም ፍጥነቱ ከዚህ እምብዛም አይለይም። ውኃ ውስጥ ሲገባ ግን ወደ 225,000፣ ተራ የመስኮት መስታወት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በባዶ ሕዋ ያለው ፍጥነት በአንድ ቁስ ውስጥ ላለው ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የዚያ ቁስ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ ይባላል። የውኃ 1.33፣ የተራ ብርጭቆ 1.5 ገደማ፣ የአልማዝ 2.42 ነው። መታጠፉ ራሱ በፊዚክስ ትምህርት ስብረት በሚል ስም ይታወቃል።

ፍጥነት መቀነስ ብቻውን አቅጣጫ አያስቀይርም። ብርሃኑ መስታወቱን ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ከመታው ይዘገያል እንጂ አይታጠፍም። የሚታጠፈው በሰያፍ ሲገባ ነው። በሱሉልታ ወይም በቡራዩ በክረምት ከአስፋልት ወርዶ በሰያፍ ወደ ጭቃ የሚገባ የፈረስ ጋሪ ይህንኑ ያሳያል። ቀድሞ ጭቃው ውስጥ የገባው ጎማ ሲዘገይ ሌላው ገና አስፋልቱ ላይ ስለሆነ በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል፤ ጋሪውም ወደ ዘገየው ጎማ በኩል ይዞራል። የብርሃን ሞገድም ወርድ አለው። አንዱ ጠርዙ ቀድሞ ብርጭቆው ውስጥ ገብቶ ሲዘገይ ሌላው ጠርዝ ገና አየር ላይ ነውና ሞገዱ በጠቅላላው አቅጣጫውን ይቀይራል። ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይደገማል፤ ፍጥነቱም ወዲያው ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

የመታጠፉ መጠን ዕድል ወይም አጋጣሚ የለበትም። ከመስታወቱ ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ ከሚቆም መስመር ተነሥቶ ሲለካ፣ በ45 ዲግሪ የገባ ብርሃን ተራ ብርጭቆ ውስጥ በ28 ዲግሪ ይጓዛል፤ በ60 ዲግሪ የገባው ወደ 35 ይወርዳል። ይህን ሕግ በ1621 (እ.ኤ.አ.) የደረሰበት ሆላንዳዊው ዊለብሮርድ ስኔል ስለሆነ በስሙ ይጠራል። ነገር ግን ከእርሱ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ984 ገደማ፣ በባግዳድ ይሠራ የነበረው ኢብን ሳህል ያንኑ ሕግ ተጠቅሞበት ነበር። ምን ሲሠራ እንደነበር ማወቁ ለዛሬው ጥያቄ ይጠቅማል። ብርሃንን በአንድ ነጥብ ሰብስቦ ለማቃጠል ሌንስ ምን ዓይነት ቅርጽ ሊኖረው እንደሚገባ እያሰላ ነበር። የስብረት ሕግ ከጅምሩ ከእሳት ጋር ተያይዞ የመጣ ነው፤ ከጅምሩም የቅርጽ ጥያቄ ነበር።

ብርሃን በብርጭቆ ውስጥ መዘግየቱን ሁሉም ሰው ወዲያው አልተቀበለም። ብርሃን የደቃቅ ቅንጣቶች ፍሰት ነው ያለው አይዛክ ኒውተን፣ ቅንጣቶቹ በብርጭቆው እየተሳቡ ስለሚገቡ ውስጡ ሲሆኑ ይፈጥናሉ ብሎ ያምን ነበር። ብርሃን ሞገድ ነው ያለው ክርስቲያን ሁይገንስ ደግሞ ይዘገያል አለ። ሁለቱም የመታጠፉን መጠን በትክክል ማስላት ስለቻሉ ክርክሩን ሊቆርጠው የሚችለው ፍጥነቱን መለካት ብቻ ነበር። በ1850 ሊዮን ፉኮ በፓሪስ የሚሽከረከር መስታወት ተጠቅሞ ሲለካ ብርሃን በውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ እንደሚዘገይ ታየ።

የሚዘገይበትን ምክንያት በተመለከተ ዛሬም በየቦታው የሚሰማ ስሕተት አለ። ብርሃኑ ከአተም ወደ አተም እየተጋጨ፣ እየተዋጠና እንደገና እየተተፋ ስለሚሄድ ነው ይባላል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ የተተፋው ብርሃን በየአቅጣጫው በተበተነና መስታወቱ እንደ ወተት በነጣ ነበር። የሚሆነው ሌላ ነው። የሚገባው ሞገድ በብርጭቆው አተሞች ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች በራሱ ምት ያወዛውዛቸዋል፤ እነርሱም በተራቸው ጥቂት የዘገየ ሞገድ ያመነጫሉ። የመጀመሪያውና የእነርሱ ሞገድ ሲደመሩ የሚገኘው አንድ ሞገድ ቀስ ብሎ የሚጓዝ፣ አቅጣጫው ግን ያልተበተነ ይሆናል።

ጠፍጣፋ ስባሪ ለምን አያቃጥልም?

መታጠፍ ማለት መሰብሰብ ማለት አይደለም። በሕዝብ ንግግር ውስጥ የሚጠፋው ዋናው ልዩነት ይህ ነው።

አንድ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመስኮት መስታወት እንውሰድ። የፀሐይ ብርሃን በ45 ዲግሪ ገብቶ ይታጠፋል፤ በሌላው ገጽ ሲወጣ በዚያው መጠን ተመልሶ ይታጠፋል። ሁለቱ ገጾች ትይዩ ስለሆኑ የወጣው ብርሃን ከገባው ጋር ትይዩ ነው። የተገኘው ለውጥ ወደ 1.3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ጎን መንሸራተት ብቻ ነው። አንዱም ጨረር ወደ ሌላው አልቀረበም። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ 4 በመቶ የሚሆነውን ወደ ኋላ ያንጸባርቃል። ስለዚህ ከጠፍጣፋ የመስታወት ስባሪ ሥር ያለ ቅጠል ምንም ካልሸፈነው ቅጠል ያነሰ ብርሃን ነው የሚደርሰው።

ከተሰበረ ጠርሙስ ጎን የወጣ ስባሪም ከዚህ ብዙ አይለይም። ጎባጣ ነው፤ ነገር ግን ውጩም ውስጡም አብረው የጎበጡ ናቸው። አንዱ ገጽ የሚሰበስበውን ያህል ሌላው ይበትነዋል። ያልተሰበረ ባዶ ጠርሙስም እንዲሁ ነው። ጥርጣሬ የሚገባው ከጠርሙስ መቀመጫ የሚወጣው ወፍራም ቁራጭ ነው፤ ምክንያቱም ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ አንዳንድ ቦታም መሐሉ አብጦ ጠርዙ ይሳሳል። እርሱም ቢሆን ገጹ ወጣ ገባ ስለሆነ ብርሃኑን ወደ አንድ ነጥብ አያመጣውም። ፀሐይ ላይ ቢያዝ ሥሩ የሚታየው የተጠማዘዙ ደማቅ መስመሮችና ጥላዎች ድብልቅ ነው።

የሚያቃጥለው ቅርጽና ርቀት ነው

ሌንስ የሚባለው መሐሉና ጠርዙ እኩል ውፍረት የሌለው ግልጽ ቁስ ነው። መሐሉ ወፍራም ከሆነ በጠርዙ በኩል የሚያልፉት ጨረሮች ወደ መሐል አብዝተው ይታጠፋሉ፤ በመሐሉ የሚያልፈው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሁሉም የትኩረት ነጥብ በሚባል ቦታ ይገናኛሉ። ከሌንሱ እስከዚያ ነጥብ ያለው ርዝመት የትኩረት ርቀት ነው።

ጥሩ ሌንስ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ ቁጥሩ ይናገራል። በጠራ ቀን ቀትር ላይ በአንድ ካሬ ሜትር የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል። 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ማጉያ ሌንስ ከዚህ የሚቀበለው ወደ 2 ዋት ብቻ ነው፤ ከአንድ የእጅ ባትሪ አምፖል አይበልጥም። ነገር ግን የትኩረት ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ያንን ሁሉ 1 ሚሊሜትር በማትሞላ ነጥብ ላይ ያሳርፈዋል። በንድፈ ሐሳብ ብርሃኑ በዚያች ነጥብ ከ2,500 እጥፍ በላይ ይጠነክራል። ደረቅ ቅጠል በሰከንዶች ውስጥ መጨስ ይጀምራል።

ያንኑ ሌንስ በቦታው ትቶ ቅጠሉን ወደ ሌንሱ 5 ሴንቲ ሜትር ማስጠጋት ግን ሁሉን ያፈርሰዋል። ብርሃኑ በዚያ ርቀት ገና 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው፤ ጥንካሬው ወደ አራት እጥፍ ይወርዳል። ቅጠሉ ይሞቃል እንጂ አይቀጣጠልም። ከትኩረት ነጥቡ ርቆ 10 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍም ብርሃኑ እንደገና የሌንሱን ያህል ሰፍቷል።

የዓይን መነጽርም በዚሁ ይዳኛል። በዕድሜ ምክንያት ቅርብ ማንበብ ላቃታቸው የሚሰጠው መነጽር መሐሉ ወፍራም ስለሆነ ይሰበስባል፤ ግን ደካማ ሰብሳቢ ነው። የሩቁን ማየት ላቃታቸው የሚሰጠው መሐሉ ቀጭን ነውና ብርሃኑን ይበትናል። በእርሱ እሳት ማስነሣት በምንም መንገድ አይቻልም።

ውኃ የያዘው ሃይላንድ

የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ዋጋ ስላለው ወይ ወደ መጠጥ ቤቱ ይመለሳል፣ ወይ ቆራሌው ይወስደዋል። በዛፍ ሥርና በመንገድ ዳር በብዛት ተጥሎ የሚገኘው፣ በልማድ ሃይላንድ የምንለው የፕላስቲክ ውኃ መያዣ ነው። ባዶ ሲሆን ስስ ቅርፊት ነው፤ ምንም አይሰበስብም። ውኃ ከሞላ ግን ሌንሱ ውኃው ይሆናል።

ክብ ቅርጽ ያለው በውኃ የተሞላ ዕቃ ብርሃንን የሚያገናኘው ከመሐሉ ተነሥቶ የስፋቱን ያህል ርቆ ነው፤ ማለትም ከውጪው ገጽ የስፋቱን ግማሽ ያህል አልፎ። 9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው የ1.5 ሊትር መያዣ ይህ ከግርጌው 4.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ጎኑ እንደ ቧንቧ ሞላላ ስለሆነ የሚሰበስበው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ነጥብ ሳይሆን መስመር ይሠራል፤ መስመሩም በብዙ እጥፍ ደካማ ነው። ሁለተኛ፣ መያዣው መሬት ላይ ከተጋደመ ቅጠሉ ከግርጌው ጋር ተጣብቋል፤ ብርሃኑ ሊገናኝ ካሰበበት ቦታ በፊት መሬት ላይ ያርፋል።

ባዶ አፈር ላይ በቀትር ፀሐይ ቢሞከር ነገሩ በዓይን ይታያል። የተሞላው መያዣ አፈር ላይ ሲጋደም ሥሩ ሰፋ ያለ ፈዛዛ ብሩህ ሰቅ ይታያል። ቀስ ብሎ ከፍ ሲደረግ ሰቁ እየጠበበ፣ ጠርዙ እየሰላ፣ ዳር ዳሩ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም እያወጣ ይሄድና በሆነ ከፍታ ላይ ቀጭን የሚያንቦገቡግ መስመር ይሆናል። ከዚያ ከፍ ሲል ይደበዝዛል። አደጋው ያለው በዚያች ጠባብ ከፍታ ላይ ነው። ከነገሩ ሁሉ የሚያሰጋው፣ ውኃ የያዘ መያዣ በጭራሮ ወይም በረጃጅም ደረቅ ሣር ላይ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ፣ በተለይ ክብ በሆነው የትከሻው ክፍል በኩል ፀሐይ ሲያልፍበት ነው። ትከሻው መስመር ሳይሆን ወደ ነጥብ የተጠጋ ብርሃን ይሠራልና።

የርቀትን ነገር ከሁሉ በተሻለ የሚያስረዳው ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚተከለው ጠርሙስ ነው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ብራዚላዊው መካኒክ አልፍሬዶ ሞዘር ውኃና ጥቂት በረኪና የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጣሪያ ቀዳዳ አሳልፎ ተከለ። ጣሪያው ላይ የወጣው ክፍል የፀሐይን ብርሃን ይቀበላል፣ ውኃው አጥፎ ወደ ታች ያስገባዋል፣ መስኮት የሌለው ቤት ቀን ቀን ይበራል። ሐሳቡ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል፤ በከተማችን ዳር ዳር ላሉት ተጠጋግተው ለተሠሩና ቀን ጨለማ ለሆኑ ቆርቆሮ ቤቶችም የሚስማማ ነው። “ቤቱን አያቃጥለውም ወይ?” የሚል ሥጋት ይነሣል። ብርሃኑ ከጠርሙሱ እንደወጣ በየአቅጣጫው ስለሚሰፋ ወለሉ ላይ ሲደርስ የሚያቃጥል ኃይል የለውም። መጠንቀቅ የሚገባው ከጠርሙሱ ግርጌ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ጨርቅ ወይም ወረቀት እንዳይሰቀል ብቻ ነው።

በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ ለሚያለሙ ሰዎችም ይህ ስሌት ይነካቸዋል። በቀትር ውኃ ማጠጣት፣ ጠብታው እንደ ሌንስ ሆኖ ቅጠል ያቃጥላል የሚል እምነት በአትክልተኞች ዘንድ የቆየ ነው። በ2010 የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ሞክረውት ለስላሳ ቅጠል ላይ ያረፉ የውኃ ጠብታዎች ቅጠሉን እንደማያቃጥሉ አሳይተዋል። ቅጠሉ ላይ የተቀመጠ ጠብታ ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ የትኩረት ነጥቡ ከቅጠሉ በታች ወርዶ ይቀራል፤ ውኃውም ቅጠሉን ያቀዘቅዘዋል። የብርጭቆ ኳሶች ግን አቃጥለዋል፤ የብርጭቆ ኢንዴክስ ከፍ ስለሚል ነጥባቸው ይበልጥ ይቀርባል። ጠብታውን ከገጹ ከፍ አድርገው በሚይዙ ጸጉራም ቅጠሎች ላይም ቃጠሎ ታይቷል። እንግዲህ በቀትር አለማጠጣት ተገቢ የሚሆነው ውኃው ስለሚተን ነው።

ከስብረት ጋር የሚምታቱ

ከከተማው መሐል ወደ ዳር እየተስፋፉ ያሉት መስታወት የለበሱ ሕንጻዎች ሙቀት ይተኩሳሉ የሚለው አቤቱታ ከዚህ ጋር ይቀላቀላል። እርሱ የነጸብራቅ ጉዳይ ነው፤ ብርሃኑ በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ሳይሆን ከገጹ ተመልሶ ነው። በ2013 በለንደን ፊቱ ወደ ውስጥ የጎደጎደ አንድ ረጅም ሕንጻ ፀሐይን መንገድ ላይ ሰብስቦ የቆመ መኪና ክፍሎችን አቅልጧል። ፊቱ ቀጥ ያለ ሕንጻ ዓይን ያጥበረብራል እንጂ እንዲህ አይሰበስብም።

ሁለተኛው ከዚያው ከእንጦጦ ተራራ ላይ የሚነሣ ጥያቄ ነው፦ ቴሌስኮፕ የሚሠራው በሌንስ አይደለም ወይ? በተራራው ላይ ባለው ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ አካላት መመልከቻ ጣቢያ) ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ዋና አካላቸው ሌንስ ሳይሆን ጎድጓዳ አንጸባራቂ መስታወት ነው። ምክንያቱ ብርጭቆ ሁሉንም ቀለም እኩል አለማጠፉ ነው። ለሌንስ በሚመረጠው አንድ የታወቀ የብርጭቆ ዓይነት ውስጥ የቀይ ብርሃን ኢንዴክስ 1.514 ሲሆን የሰማያዊው 1.522 ነው። ልዩነቱ ጥቂት ቢመስልም ሰማያዊው ቀድሞ፣ ቀዩ ዘግይቶ ስለሚገናኝ ኮከቡ ባለቀለም ጠርዝ ያወጣል። ከመስታወት ተመልሶ የሚሄድ ብርሃን ግን ቀለሙ ምንም ይሁን በአንድ ማዕዘን ነው የሚመለሰው።

ታዲያ የኮረብታው እሳት?

ጠርሙስ እሳት ሊያስነሣ አይችልም የሚለው አቋም አይጸናም። የለንደን የእሳት አደጋ መከላከያ ብርጌድ በመስኮት ደፍ ላይ የሚቀመጡ የብርጭቆ ኳሶችና የመዋቢያ መስታወቶች ቤት እንዳቃጠሉ ጠቅሶ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። የእኛ ኮረብታዎችም ለዚህ የሚረዳ ሁኔታ አላቸው። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ስለሆነ የፀሐይዋ ብርሃን በስስ አየር ውስጥ ያልፋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነችም በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ልትሆን ጥቂት ይቀራታል። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለው ባሕር ዛፍ ደግሞ ቅጠሉ ዘይት አለው።

ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የሚያመለክቱት ደኑ ለመቃጠል ምን ያህል የተዘጋጀ እንደሆነ ነው፤ ማን እንደለኮሰው አይናገሩም። ጠርሙሱ ይለኩስ ዘንድ ውኃ የያዘ፣ ገጹ በአቧራና በጭቃ ያልተሸፈነ፣ በልክ ከፍ ያለ፣ ሥሩም ደረቅ ብናኝ ያለበት መሆን አለበት፤ ይህ ሁሉ በአንድ ላይ። ፀሐይም አትቆምለትም። በየሁለት ደቂቃው በራሷ ስፋት ያህል ትንሸራተታለች፤ ብሩህ ነጥቡም አብሮ ይንሸራተታል። ለጥሩ ሌንስ ይህ ችግር አይደለም፣ ሰከንዶች ይበቁታልና። ደካማ ለሆነው ለተጣለ መያዣ ግን ቅጠሉ ሳይግል ነጥቡ ያልፈዋል፣ ነፋሱም ያቀዘቅዘዋል። በእኔ ግምገማ ጠርሙስ ሊሆን የሚችል፣ ነገር ግን ብርቅ የሆነ መንስኤ ነው። ከሰል ማክሰል፣ የእርሻ ገለባ ማቃጠል፣ ማር ሲቆረጥ የሚለኮስ ጢስ፣ ሳይጠፋ የተጣለ ሲጋራ፣ ለሽርሽር የተቀጣጠለ እሳት፣ እነዚህ ምንም ዓይነት ስሌት ሳያስፈልጋቸው በቀጥታ ነበልባል ወይም ፍም ይዘው ይመጣሉ።

የተሳሳተው ማብራሪያ ጉዳት አለው። እሳቱ ሁሉ የፀሐይና የጠርሙስ ከሆነ ተጠያቂ የለም፤ መከላከያውም ቆሻሻ መልቀም ብቻ ይሆናል። በተቃራኒው፣ ጠርሙስ ፈጽሞ አይሆንም ተብሎ ከተወሰነ በአካባቢው የታየ ቅጠል ለቃሚ ወይም ከሰል አክሳይ ያለማስረጃ ይከሰሳል። ኑሯቸው በደኑ ላይ ለተመሠረተ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ከእሳቱ በኋላ የሚጠየቁት ጥያቄዎች የብርሃንን ጠባይ የተከተሉ ቢሆኑ ይበጃል። ቃጠሎው የጀመረበት ቦታ ላይ ወፍራም ብርጭቆ ወይም ውኃ የያዘ ዕቃ ተገኝቷል? ተራራ ሙሉ ተጥሎ ስለሚገኝ ሌላ ቦታ መገኘቱ ምንም አያስረዳም። ከመሬቱ ምን ያህል ከፍ ብሎ ነበር? ዛፉ በዚያ ሰዓት ጥላ ይጥልበት ነበር? ሰማዩስ ጠርቶ ነበር? ከሁሉ በፊት ግን ሰዓቱ ይጠየቅ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከሆነ የጠርሙሱ ጉዳይ ሊመረመር ይችላል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ብርሃኗ በወፍራም አየር ውስጥ ስለሚያልፍ ጥርጣሬው ይሳሳል። ሌሊት የታየ ነበልባል ደግሞ፣ ቅጠሉ ከቀትር ጀምሮ ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ለመቆየቱ ምልክት ከሌለ በቀር፣ መነሻው ሌላ ነው።